ወንዙ ዳር የሰማሁት

መስከረም 19፣ ሰኞ። ከት/ቤት መልስ

9ኛ «ለ» ዛሬም ሰባ ሁለት። በአንድ ዴስክ አራት አራት። ድምፄ ገና ከሰኞው አልቋል። የአፍሪካን ካርታ ሰቅዬ ከላይ ወደ ታች ጀመርኩ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ እኛ፣ ኬንያ። ከኬንያ በታች ያለውን ቶሎ ቶሎ አለፍኩት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ ደቡብ አፍሪካ በመኪና ስንት ቀን ይፈጃል አለች። ወንድሟ መንገድ ላይ ነው መሰለኝ። አላውቅም አልኳት። የጂኦግራፊ መምህርት!

ቤት ገባሁ። አማ በረንዳው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጠየቁኝ፤ ስልክ አልጮኸም? አልጮኸም አማ። እሺ፣ ነገ ይሆናል። የየቀኑ ሰላምታችን ይህ ነው።

አዲስ ደብተር ስለሆንክ ምንም አታውቅም። አማ የባሌ የታምራት እናት ናቸው። ታምራት ወደ ደ/አፍሪካ ከወጣ በኅዳር ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ተጋብተን አብረን የኖርነው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው። ልጅ የለንም። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ካቻምና ጥር፣ ከታንዛኒያ። ደህና ነኝ፣ ነገ እንሻገራለን አለ። ከዚያ ወዲህ ዝም። አማ ዶዮገና ያለውን ቤታቸውን ዘግተው ሆሳዕና እኔ ዘንድ መጡ። ሲደውል አብረን እንድንሰማ ብለው። እኔ ሀዲይኛ፣ እሳቸው ከምባትኛ፤ የምንገናኘው አማርኛ ላይ ነው። ሁለታችንም እያነከስን።

ሌላ ወሬ። የስፖርት መምህሩ መ/ር ደጀኔ ወረቀት ይዞ ስታፍ ገባ። ቅዳሜ የእግር ጉዞ አለ። ከዶዮገና በላይ ተነሥተን፣ አበባ ያወጡትን ኮረብቶች አቋርጠን፣ ወንዝ ድረስ። ስንት ቦታ እያለ ዶዮገና! አልሄድም አልኩ። ሰሚራ፣ ኬሚስትሪ የምታስተምረው ጓደኛዬ፣ እስክሪብቶውን ነጥቃ ስሜን ጻፈች።

መስከረም 21፣ ረቡዕ

አማ ይከለክሉኛል ብዬ ስለ ጉዞው ነገርኳቸው። እንዲያውም ደስ አላቸው። አገሬ አሁን ነው የሚያምረው አሉ። ሂጂ፣ ንፋስ ይምታሽ፣ ፊትሽ ጠቁሯል። ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ስለ ልጄ ከጠየቀሽ ደህና ነው በይ አሉኝ። ከኔ ቀድማችሁ እንዳታለቅሱለት በያቸው።

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። እኔም አላለቀስኩም። ተለማምደናል።

መስከረም 23፣ ዓርብ

የሰርግ ጥሪ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ «ለወ/ሮ ወይኒቱና ባለቤታቸው» ይላል። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አላውቅም። ቢሮ ውስጥ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሚስት ነኝ? ጥቁር አልለበስኩም። ቀለበቴም ጣቴ ላይ ነው። ግን ሰው ሁሉ እንዴት ነው ባልሽ ብሎ መጠየቅ አቁሟል። የሚጠይቁኝ አማ ብቻ ናቸው።

ሰሚራ ሸራ ጫማዋን አመጣችልኝ። ትንሽ ይጠበኛል። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ። ማታ 1 ሰዓት

ቀስ ብዬ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በቅጥቅጥ ተነሣን። አሥራ ስምንት ሰው። ሁሉም የኛ መምህራን፣ ከአንድ በቀር። ደጀኔ የአክስቱን ልጅ ይዞ መጣ። አብርሃም ይባላል። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ከሲታ፣ በመኪናው ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ የዘጋ። ሐምሌ ላይ ከውጭ ተመልሶ ነው፣ ከቤት አይወጣም፣ አየር ያግኝ ብዬ ነው አለ ደጀኔ። ከየት ውጭ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እዚህ አገር ውጭ ማለት የታወቀ ነው። አብርሃም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ የኔን ጀርባ ሲያይ ነበር። ታወቀኝ። ጭንቅላቴን አላዞርኩም።

ከመኪና ወርደን መራመድ ጀመርን። ደብተሬ፣ እንዲያምር አልፈለግኩም ነበር። አማረ። ኮረብታው በሙሉ አደይ። ከአደዩ ሥር ሐምራዊና ነጭ የማገጥ አበባ፣ ስትረግጠው የሚሸት። እርከኑ ላይ ደሾ ሳር በመስመር በመስመር፣ ከታች እንሰቱ፣ ከእንሰቱ መሐል የሳር ቤቶች ጭስ። ሰሚራ አበባ እየቀነጠሰች በሂጃቧ ጠርዝ ላይ ትሰካለች፤ ፎቶ አንሺኝ ትለኛለች። አነሳኋት። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አላሰብኩም። ምንም! እግሬ ብቻ ነበር የሚያስበው።

አንዲት እናት ከእርከን ላይ ቀና ብለው አዩኝ። የእነ ታምራት ጎረቤት ናቸው። ልጁስ አሉ። ደህና ነው አልኩ። አማ እንዳዘዙኝ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ዓይናቸውን ግን ቶሎ መሬት ላይ ጣሉት።

እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ደረስን። ውሃው ገና የክረምቱን ጉልበት ይዟል። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ገባ። ደጀኔ ፊሽካ ይነፋል፣ የሒሳቡ መምህር ተንሸራቶ እስከ ወገቡ ራሰ፣ ሳቅ። አብርሃም ግን አልወረደም። ከላይ፣ የውሃው ድምፅ እምብዛም የማይሰማበት ቦታ ድረስ ርቆ ብቻውን ተቀምጧል። አሳዘነኝ። ዳቦና ሳምቡሳ ይዤ ወጣሁለት።

«ብላ» አልኩት።

ተቀበለኝ። አልበላም።

«ወደ ውሃው አትወርድም?»

«ወንዝ አልወድም።»

ልመለስ ስል «መምህርት ወይኒቱ አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ።

«ነኝ።»

«በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው አይደል የምታርሚው? ቀዩ ልጆቹን ያስደነግጣቸዋል ብለሽ።»

ቁጭ አልኩ። በአረንጓዴ ማረሜን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ለምን እንደሆነ ግን በሕይወቴ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

«የት አየኸው?» አልኩት።

«አብረን ነበርን» አለ። «ከታንዛኒያ ጀምሮ።»

ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ነው። ሃያ ሦስት ሆነው ጫካ ገቡ። አሻጋሪው በሌሊት ያስኬዳቸዋል፣ ቀን ያስተኛቸዋል። በአራተኛው ቀን ታምራትን ትኩሳት ያዘው። ወባ ይመስለኛል አለ አብርሃም። ሁለት ቀን ደግፈውት ሄዱ። በስድስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሞተ። ከአንድ ወንዝ በላይ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር። በእንጨት ቆፍረው ቀበሩት። አብርሃም ጸለየለት። ወዲያው ድንበር ላይ ተያዙ፣ አብርሃም ከዓመት በላይ ማላዊ እስር ቤት ቆየ፣ ሐምሌ ላይ ተመለሰ።

«ሦስት ወር ሙሉ ደጅሽ ድረስ እየመጣሁ እመለሳለሁ» አለኝ። «እናቱን በረንዳ ላይ አያቸዋለሁ፤ እግሬ እምቢ ይለኛል።»

ከታች ሰሚራ ስሜን ትጠራለች። ወይኒቱ ነይ፣ ውሃው ግሩም ነው! እጄን አውለበለብኩላት። ለምን እንዳውለበለብኩ አላውቅም። ከዚያ ወረድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ገባሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ፎቶም ተነሣሁ፤ ሰሚራ ስልክ ላይ አለ፣ እየሳቅኩ ነው።

አሁን አማ ከወጥ ቤት ይጣራሉ። እንዴት ነበር አገሬ ይላሉ። ያምራል አልኳቸው። አማ፣ በጣም ያምራል።

መስከረም 25፣ እሑድ

ቤ/ክ። ሰው ይዘምራል፣ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አማ እንደ ወትሮው በጸሎት ጊዜ ተነሥተው መንገደኛ ልጄን ጠብቅልኝ አሉ። ጉባኤው በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ማልቀስ እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥ ቦታ የለም። ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ስስ። ሽንት ቤት ገብቼ ፎጣ ነከስኩ። ስወጣ አማ ሆድሽን አመመሽ እንዴ አሉኝ፤ ጤና አዳም ጨምቀው አጠጡኝ።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ለሰሚራ ነገርኳት። ላብራቶሪ ውስጥ፣ በሩን ዘግተን። አቅፋኝ ቆመች። ከዚያ በዓረብኛ ጸለየችለት። ስትጨርስ አማ ማወቅ አለባቸው አለችኝ። የሞተ ሰው እየጠበቁ መኖር ለሞተውም ለጠባቂውም ግፍ ነው። አንቺ ለብቻሽ አትችይውም፣ በወጉ ይረዱ።

ልክ ናት። ከሥራ ስወጣ የቤ/ክ ሽማግሌውን አነጋገርኩ። ዶዮገና ላሉት የአማ ወንድም፣ ለታምራት አጎት፣ ደወልኩ። አጎት ሰምተው ሲጨርሱ ቀኑን ቆረጡ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን አሉ። መርዶ የሚነገረው ሳይነጋ ነው፤ ሰው ቀኑን ሳይጀምር። አብርሃምም ይምጣ፣ የቀበረው እሱ ነውና ለእናቱ በአንደበቱ ይንገራቸው አሉ። ደጀኔን አስጠራሁት፤ አመጣዋለሁ አለ።

ቅዳሜ። አራት ቀን። አራት ቀን ሙሉ ስልክ አልጮኸም እያልኩ ልገባ ነው።

መስከረም 29፣ ሐሙስ። ከሰዓት፣ ክፍት ክፍለ ጊዜ

አብርሃም መጣ። ከት/ቤቱ አጥር ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር። ዘበኛው ጠራኝ። ልጁ ከቅዳሜው የባሰ ከስቷል። ሳልጠይቀው ጀመረ።

«አልቀበርነውም እህቴ።»

ምን አልኩት? ምን አልክ ነው ያልኩት መሰለኝ።

«አልሞተም ነበር። ይተነፍስ ነበር። መራመድ ግን አልቻለም። አሻጋሪው ዱላውን አንሥቶ የሚቀር ይቅር፣ ለአንድ ሰው ብዬ ሃያ ሰው አላስይዝም አለን። ከዛፉ ሥር አስደገፍነው። ጀሪካኑን አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ሄድን።»

«አነጋገረህ?»

የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንሥቶ ያጥፈዋል።

«አብርሃም፣ አነጋገረህ ወይ?»

«ስሜን ጠራኝ» አለ። «ሁለት ጊዜ። ዞር ብዬ አላየሁም። ወንዙ ከታች ይጮህ ነበር፤ እየወረድን ስንሄድ የወንዙ ድምፅ የእሱን ዋጠው። ተመስገን አልኩ እህቴ። አልሰማሁም ብዬ ተመስገን አልኩ።»

መሬት ላይ ተንበረከከ። ተማሪዎች በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ። ተነሣ አልኩት። ቁጣም አልመጣልኝም። ልመታው አልፈለግኩም፤ ላቅፈውም አልፈለግኩም። ደወል ተደወለ። ክፍል ገባሁ። የምድርን ዙረት አስተማርኩ። ቀንና ሌት ለምን እንደሚፈራረቁ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ እንጃ።

መስከረም 29። ማታ 12 ሰዓት

ደብተሬ፣ አሁን ስማኝ፣ ይህን ለሰሚራም አልነግራትም።

እሱ መሞቱን አውቃለሁ። ካርታውን አውጥቼ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኬንያ በታች ያለውን በጣቴ ሄድኩበት። መንደር የለም፣ መንገድ የለም። በወባ የወደቀ ሰው፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ። አውቃለሁ። ግን ይኸው እኔ፣ ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ከሰዓት ጀምሮ ምን እያሰብኩ ነው? አንድ አዳኝ አግኝቶት ይሆናል። አንዲት ሴት እንጨት ልትለቅም ወጥታ። ስሙን ረስቶ ይሆናል። ቋንቋ አጥቶ። ስልክ ቁጥሬን ረስቶ።

ይህ ነው የሚያስፈራኝ። እኔን በግማሽ ቀን እንዲህ ካደረገኝ አማን ምን ያደርጋቸዋል? እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ ዛፍ ሥር አይነሡም። በየቀኑ በረንዳው ላይ ሆነው ጀሪካኑ አልቆ ይሆን ይላሉ። በየቀኑ ስም ሲጠራ ይሰማሉ። እኔ ከአሁኑ መስማት ጀምሬያለሁ።

እውነቱን ብነግራቸው ልጃቸውን ሳይሆን መጠበቁን ነው የምሰጣቸው። ውሸቱን ብነግራቸው ቢያንስ መቃብር ይኖራቸዋል። እዚህ አይደለም፣ ሄደው አያዩትም፤ ግን አፈር የለበሰ ልጅ ይኖራቸዋል። ለቅሶ ይቀመጣሉ። ሰው ይመጣል። ትዝታውን ያወሩታል።

ለእኔስ? ለእኔ ምንም የለም። የቀበሩት ሰውዬ የእሳቸው ነው። እኔ ጋ የቀረው ያልተቀበረው ነው።

መስከረም 30፣ ዓርብ

ጠዋት አብርሃምን ደጀኔ ቤት ሄጄ አገኘሁት። ነገ ለእናቱ የምትነግራቸው ባለፈው ቅዳሜ ወንዙ ዳር ለእኔ የነገርከኝን ነው አልኩት። ቃል በቃል። ጎህ ሲቀድ ሞተ፣ በእንጨት ቆፈርን፣ ጸለይን።

«ልዋሻቸው?» አለኝ።

«ለእኔ ዋሽተኸኝ የለ? ያንኑ ድገመው።»

ካልኩ በኋላ ቃሌ ለራሴም ቀፈፈኝ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትናንት ወደ ት/ቤት የመጣው ሸክሙን ሊያራግፍ ነበር፤ እኔ መልሼ ጫንኩበት። ይሁን። ከእኔ ጋር ይካፈለው።

ቤት ስመለስ አማ ቤቱን እያጸዱ ነው። ምን መጣ አማ? ምንም፣ ዝም ብሎ ሰው የሚመጣ መሰለኝ አሉ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተዋል። ጥሩ ሕልም አይቻለሁ አሉኝ። ታምራት በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ልብሱ በአደይ አበባ ተሸፍኖ። ጉዞው ነው፣ አበባውን ስለነገርኳቸው ነው። ሳቁ። ጥርሳቸው ሁለት ብቻ ቀርቷል። አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ የግድግዳውን ጭቃ በጥፍሬ ቧጠጥኩ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ደጀኔ ደወለ። አብርሃም እመጣለሁ ብሏል፤ ግን ከምሳ ጀምሮ ምግብ አልገባለትም፣ ይርበተበታል፣ ነገ አፉ እሺ የሚለው አይመስለኝም አለኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቃሉ ቢምታታበት? አማ አስተዋይ ናቸው። ሰው ሲንተባተብ ዓይኑን ነው የሚያዩት።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ። ሊነጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ተኩል

አልተኛሁም። አማ በስሱ ግድግዳ ማዶ ይጸልያሉ። ከምባትኛው አይገባኝም፤ የታምራትን ስም ግን እለያለሁ። ስሙን በጠሩ ቁጥር እቆጥራለሁ። ስድስት። ሰባት።

ወሰንኩ። አብርሃም አይናገርም። አጠገቤ ይቀመጥ፣ ያልቅስ፣ ያ ብቻ ይበቃል። አጎትም አይናገሩ። የምነግራቸው እኔ ነኝ፣ በዚህ በሚያነክስ አማርኛዬ፣ እጃቸውን ይዤ። ቀብረውታል እላቸዋለሁ። ጸልየውለታል። ጎህ ሲቀድ ነው እላቸዋለሁ፤ ሕመሙ አልበረታበትም። ዓይኔን ያያሉ። ያዩኛል። አላቀረቅርም። ውሸቱ ከባዳ አፍ ከሚወጣ ከእኔ ይውጣ። አንድ ቀን ቢያውቁብኝም ይርገሙኝ፤ የምችለው እርግማን ነው።

እውነቱ ደግሞ እዚህ ይቀራል። ከዚህ ወዲያ አንተን አልጽፍብህም። አልቀድህም፣ አላቃጥልህም። እዘጋሃለሁ።

ውሻው ጮኸ። መኪና ቆመ። የብዙ ሰው እግር፣ ቀስ ያለ። አማ ጸሎታቸውን አቆሙ። ማነው በዚህ ሰዓት እያሉ ነው፤ ደግሞ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አለ፤ እሱ መስሏቸው ነው፣ አልጋቸው ሲጮህ ይሰማኛል፣ ተነሥተዋል፣ ከእኔ ቀድመው በሩን ሊ